ሁለተኛ ማርሽ የማያስገባው ሾፌር

ፍሪሲዮን የሚያቃጥል ሾፌር አልወድም። ይህንን ፊት ለፊት ስለምናገር ጋምቤላ ውስጥ ያኮረፉኝ ሾፌሮች ብዙ ናቸው። እግሩን ከፔዳሉ ላይ የማያነሳ፣ ከማርሽ ጋር የሚጣላ፣ መኪናዋን እያስጮኸ ነድቶ ነድቶ «ሩፋኤል፣ የሆነ ነገር ሸተተኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ ቤዚ «አንተ መካኒክ ሳይሆን ትራፊክ ፖሊስ መሆን ነበረብህ» ትለኛለች። እሷም አልተሳሳተችም።

ታዲያ ጋራዤ ከመጡት ሾፌሮች ሁሉ፣ በአንድ ወቅት ፍሪሲዮን በማቃጠል ኦጆትን የሚስተካከል አልነበረም። ከሁሉም አብልጬ የማከብረውም እሱን ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ።

ኦጆት የባሮ ዳር ልጅ ነው። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። እሱ ግን ታንኳውን ለወንድሞቹ ትቶ ወደ ዲማ ወርቅ ቦታ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነ፤ ከዚያ ሾፌር ሆነ፤ ከዚያ በስንት ልፋት አንዲት አሮጌ ሲንግል ጋቢና ፒካፕ ገዛ። አሁን ከጋምቤላ አቦቦ፣ ከአቦቦ ጎግ ይሠራል። በቆሎ ይጭናል፣ ማንጎ ይጭናል፣ የደረቀ ዓሣ ይጭናል፤ መንገድ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ካገኘ ግን በቆሎው ይወርዳል። ሽማግሌ መንገድ ሲያቋርጡ ካየ ጥሩንባ አይነፋም፣ ቆሞ ያሳልፋቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ወርዶ መኪናዋን ሲያጥብ የቸርቻቸውን መዝሙር በሙሉ ድምፁ ስለሚዘምር፣ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች «መጣ ዘማሪው» እያሉ ይስቁበታል። ድምፁ አያምርም። ያውቀዋል፤ ግን አይተውም።

እኔን ጋምቤላ ያቆየኝ እሱ ነው። ከጎሬ ስመጣ ከአንድ የዕቃ ሳጥን በቀር ምንም አልነበረኝም። ቋንቋውን አላውቅ፣ ሙቀቱን አልችለው፣ ሰው አላውቅ። መኪናውን እየጠገንኩለት ሳለ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ አየና፣ «እዚህ ፀሐይ ላይ ምን ትሠራለህ? ና» ብሎ አባቱ ግቢ ወሰደኝ። ግቢው ውስጥ ትልቅ ማንጎ አለ። «እዚህ ሥር ሥራ» አለኝ። እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ። ከተማው በተረበሸ ሰሞን ደግሞ እኔንና ቤዚን ከነልጆቻችን ቤቱ አስገባን፤ እሱ ወንበር አውጥቶ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ማን እንደመጣ፣ ለመጣው ምን እንዳለው እስካሁን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። በጸሎቴ ግን ሳላነሳው የዋልኩበት ቀን የለም።

ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ የኦጆት አማት፣ የሚስቱ የዲቦራ እናት፣ ወንዝ ዳር አንሸራትቷቸው እግራቸው ተሰበረ። እማማ አጅዋንግ ይባላሉ፤ የሚኖሩት ጎግ ነው። ኦጆት ሌሊቱን ነድቶ ጋምቤላ ሆስፒታል አደረሳቸው፤ ከጭናቸው እስከ እግር ጣታቸው ጄሶ ታሰረላቸው። የአጥንት ክፍሏ ነርስ ጦይባ ተቆጪ ናት፤ ለዚህም እወዳታለሁ። «እየተመላለሱ መታየት አለባቸው» አለች። «ጄሶው በጊዜው ካልተቀየረ አጥንቱ ተጣሞ ይይዛል። ያን ጊዜ መሬት ረግጠው የሚሄዱ እንዳይመስላችሁ።»

እኔ በሞኝ ልቤ «ልጃቸው ቤት ይቀመጡ፣ ምን መመላለስ ያስፈልጋል?» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለካ በእነሱ፣ በአኙዋዎች ቤት አማትና አማች አንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም። አማች አማቱ ፊት አይበላም፤ ዓይን ዓይናቸውን አያይም፤ ስማቸውን አይጠራም። መንካት የሚባለውማ አይነሳም። ንቀት ወይም ጥል እንዳይመስላችሁ፤ ልጃቸውን የሰጡት ሴት ትልቅ ስለሆኑ ነው። ኦጆት እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠብቀው ማንም ሳያየው ጭምር ነው። እናም እማማ አጅዋንግ ወደ ጎግ ተመለሱ፤ በቀጠሮ ቀን እያመጡ መመለስ የኦጆት ሆነ።

መጀመሪያ ከኋላ ፍራሽ አንጥፈው ሞከሩ። መንገዱ አንገላቷቸው፣ ለቅሷቸው አቦቦ ድረስ ተሰማ አሉ። ጦይባ ይህን ስትሰማ «ሁለተኛ እንደ በቆሎ ጭናችሁ እንዳታመጧቸው» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ጋቢና መቀመጥ ግድ ሆነ።

ጣጣው የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ኦጆት አንድ ቀን መኪናዋን እያስገፋ መጣና «ሩፋኤል፣ ፍሪሲዮን ጨረሰ» አለኝ። ቀየርኩለት። ብዙም ሳይቆይ እንደገና መጣ። ካምቢዮውን አውርጄ ሳየው አዲሱ የፍሪሲዮን ሸራ ጠቁሮ ከሰል ሆኗል።

«ማነው የነዳው?» አልኩት።

«እኔ።»

«ውሸት! ለማን ነው መንዳት የምታስተምርበት? ንገረኝ፣ አልቆጣም።» ተቆጥቼ ነበር።

«እኔ ነኝ የነዳ።»

«አንተ ከሆንክ መንጃ ፈቃድህን ለባሮ አዞ ስጠው፤ ከአንተ ይሻላል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። ያን ቀን ግን የጠቆረውን ሸራ እያገላበጠ ቆመ። እሱ ሳይስቅ ሲቀር እኔ ይብስብኛል። «በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። አልወደደውም፤ ግን እምቢ ማለት አያውቅበትም።

በቀጠሮው ቀን አቦቦ የወፍጮ ሞተር ልሠራ ወርጄ ነበርና፣ ከጎግ ሲመጡ እዚያ ጠብቄ ከኋላ ተሳፈርኩ። ዲቦራ በቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። እማማ አጅዋንግ ጋቢና ናቸው። ተነሳን። ኦጆት አንደኛ ማርሽ አስገባ፤ ደህና። ሁለተኛን ስጠብቅ ሦስተኛ አስገባ። ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፣ መኪናዋ አቃሰተች። ጉድጓድ ሲመጣ ወደ ሁለተኛ መመለስ ሲገባው፣ በሦስተኛ ሆኖ ፍሪሲዮን እየረገጠ ተንፏቆ አለፈ። ሜዳው ላይ ሲደርስ አራተኛን ዘሎ አምስተኛ ገባ። የጋቢናውን ጣሪያ በጡጫ ልደበድብ ስነሳ ዲቦራ እጄን ያዘችኝ።

«ተወው ሩፋኤል።»

«ሚስቱ ሆነሽ ዝም ትያለሽ?»

«ሚስቱ ስለሆንኩ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ጉድ አየሁ። ወደ ክፍሉ በር ለመጠጋት መኪናዋ ወደ ኋላ መግባት አለባት። ኦጆት ሞተሩን አጠፋ፤ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ ወረደና እጁን አወዛወዘ። በር ላይ የቆሙት ባለባጃጆች ለምደውታል መሰለኝ «የኦጆት መኪና መጣች!» እየተባባሉ ሮጡ። ጤነኛ የኋላ ማርሽ ያላት መኪና በሰው ጉልበት ተገፍታ ወደ ኋላ ገባች። እማማ አጅዋንግ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

ወደ ጋቢናው ጎንበስ ብዬ ሳይ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሲንግል ጋቢና ጠባብ ነው፤ የማይታጠፍ እግር ወደ ፊት ቀጥ ብሎ አይዘረጋበትም። ስለዚህ የእማማ አጅዋንግ እግር ከመቀመጫቸው ተነስቶ፣ በመሃለኛው ወንበር ጫፍ ትራስ ላይ አልፎ፣ ተረከዙ ከማርሹ ዘንግ አጠገብ ያርፋል። አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ማርሽ የሚገቡት ዘንጉ ወደ ፊት ሲገፋ ነው፤ ችግር የለም። ሁለተኛ፣ አራተኛና የኋላ ማርሽ ግን ወደ ኋላ ይሳባሉ። ያን ጊዜ የሾፌሩ እጅ የሚያርፈው አማቱ ጉልበት ላይ ነው።

ጦይባ እማማን አስገብታ ስትሄድ ኦጆትን ወደ ጥላው ወሰድኩት።

«ለዚህ ብለህ ነው መኪናዋን የምትገድላት?»

«እኔ እጅ እዚያ አይሄድም» አለኝ።

«ኦጆት፣ ጄሶ እኮ ነው! እጅህ የሚነካው ጄሶ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ጄሶ ውስጥ ማን አለ?»

ነገር ቀየርኩ።

«እሺ፣ ሌላ ሰው ይንዳ። እኔ ልንዳ።»

ሳይወድ በግድ ሳቀ። «አንተ? አንተ መኪና ስትሞክር ማንጎ ገጭተሃል። ግቢ ውስጥ መንገድ የጠፋህ ሰው ጎግ ትሄዳለህ?»

«ሌላ ሾፌር እንፈልጋለን!»

«የዲቦራ እናት ታሞ፣ እኔ መኪና ይዞ፣ ሌላ ሰው ይወስዳል? ወንድሞቻቸው ምን ይላሉ? እኔስ ለራሴ ምን እላለሁ?»

«መኪናዋ ከሞተች ልጆችህ ምን ይበላሉ?»

«አውቃለሁ» አለ።

እንዲህ እያልን ሳለ የባሰው መጣ። በቀጣዩ ቀጠሮ ኦጆትና ዲቦራ ከጎግ ባዶ ጋቢና ይዘው ተመለሱ። እማማ አጅዋንግ «በቃኝ፣ ከእንግዲህ እቤቴ ይድናል» ብለው አልወጣም አሉ። ወንድሞቻቸው ለመኗቸው፣ ዲቦራ አለቀሰች፤ ወይ ፍንክች። ጦይባ በስልክ ጮኸችብን። «አሁን ካልመጡ ጉልበታቸው እንደ ደረቀ ግንድ ይቀራል። ኋላ አምጥታችሁ ፊቴ ብታለቅሱ ምንም አላደርግላቸውም!»

ነገሩ ሐፍረት ነው አልን ሁላችንም። እንዲያ ተጠግተው፣ አንድ ወንበር ላይ፣ ከልጃቸው ባል ጋር ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ከብዷቸው ነው ተባለ። ኦጆትን የጎዳው ይህ ነው። «አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ እጄ ሳላውቅ ነክቷቸው ይሆናል» ይላል። «እኔ አላየሁም። እሳቸው ግን ያውቃሉ።» መዝሙሩን ተወ። ቅዳሜ መኪናዋን ሳያጥብ ቀረ። ሴቶቹ «ዘማሪው ታመመ እንዴ?» ብለው ዲቦራን ጠየቋት። ምግብ ሲቀርብለት በጣቱ ነካክቶ ይተወዋል።

እኔ ደግሞ ሥራ ሲቀዘቅዝ ማንጎው ሥር ተጋድሜ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አያለሁ። የአዲስ አበባ ጎረምሶች ደህናውን መኪና እየፈቱ የማይረባ ጌጥ የሚገጥሙበት ቪዲዮ አለ፤ እሱን እያየሁ መሳደብ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ የፋብሪካውን የማርሽ ዘንግ አውጥቶ «ሾርት ሽፍተር» የሚሉትን አጭር ዘንግ ገጠመ። ለውድድር ነው አለ፤ እጅ ብዙ ሳይንቀሳቀስ ማርሽ ይቀየራል። «ምን ዓይነት ሥራ ፈት…» ብዬ ስጀምር ስድቡ አፌ ላይ ቀረ። እጅ ብዙ ሳይንቀሳቀስ! ተነስቼ ተቀመጥኩ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት እውነት ነው።

አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ያለ የመለዋወጫ ነጋዴ ዘንድ ደወልኩ። የመኪናዋን ዓይነት ነገርኩት። «ወንድሜ፣ በዚህች መኪና ልትወዳደር ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ከማን ጋር እንደምንወዳደር ባስረዳው አይገባውም ብዬ ተውኩት። ዕቃው በአውቶቡስ መጣ። የሚያብረቀርቅ፣ ወደ ታች ኳስ ያለው፣ ቀይ እጀታ የተገጠመለት ዘንግ ነው። ኦጆት እያገላበጠ አየውና «ይሄ ገና አላደገም» አለ። ብዙ ቀን ካለፈ በኋላ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

መግጠሙ ከባድ ሥራ አይደለም። መኪናዋን ዜሮ ላይ አቁሜ እጀታውን ፈታሁ፤ የላስቲክ ሽፋኑን ገልጬ፣ ክዳኑን አላቅቄ የድሮውን ዘንግ ወደ ላይ መዘዝኩ። ካምቢዮው አፉን ሲከፍት አቧራ እንዳይገባበት ንጹሕ ጨርቅ ጣል አደረግሁ። አዲሱን ኳስ ግራሶ ቀብቼ አስገባሁትና ክዳኑን አሰርኩ። አንደኛ ገባ። ሦስተኛ ገባ። ሁለተኛ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለ።

ኦጆት በረጅሙ ተነፈሰ። «ይሄም ያከብራቸዋል» አለ።

ስቄ ልሞት ነበር፤ ወዲያው ግን ዘንጉን መዝዤ ከድሮው ጋር ለካሁት። የአዲሱ ዘንግ የታችኛው ጫፍ ከድሮው ይረዝማል፤ ስለዚህ ካምቢዮው ውስጥ ወለሉን ይነካል። ኳሱ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ከሥሩ ወፍራም ቀለበት ያስፈልገዋል። ነጋዴውን ደውዬ ስጠይቀው «አዎ፣ ቀለበት ነበረው፤ ሳልክልህ ቀርቼ ነው» አለኝ ዘና ብሎ። ለእሱ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ቶርኖ ቤት ሄጄ ከአሮጌ አሉሚኒየም ቀለበቱን አስቀረጽኩ። ስመልሰው ሁለተኛ ገባ፣ አራተኛ ገባ፣ የኋላውም ገባ።

አሁንም ግን አልጨረስንም። ዘንጉ አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ሾፌሩ ጭን ዘንበል ካላለ ለእማማ ጉልበት ይቀርባል። በእሳት ላጎብጠው አሰብኩና ተውኩት፤ ሙቀት የኳሱን ጥንካሬ ይወስድበታል። ብረት በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስሬ፣ ቧንቧ አጥልቄ፣ ሳይሞቅ ቀስ እያልኩ አጎበጥኩት። «አደራህን እንዳትሰበር» አልኩት። ብረት እለምናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለመሞከር ሰው ያስፈልጋል። እማማ የሉም። ቀኝ እግሬን በካርቶንና በጨርቅ ጠቅልዬ ደረቅ አደረግሁትና በእሳቸው ቦታ ተቀመጥኩ፤ እግሬን ትራሱ ላይ አሳለፍኩ። ነገሩ እንዲሟላ የቤዚን ሻሽ ራሴ ላይ አሰርኩ። ኦጆት መሪውን ይዞ አየኝና ዓይኑን ሰበረ። እውነቴን ነው፤ ፊቱን ወደ ፊት አዞረ።

«ሁለተኛ አስገባ» አልኩት።

እጁ ዘንጉ ላይ ደርሶ ቆመ።

«አስገባ እንጂ!»

«አልችልም፤ እሳቸውን መሰልክ።»

«ኦጆት! እኔ ነኝ! ሩፋኤል ነኝ! ጢሜን እይ!»

ከማንጎው ሥር የነበሩት ደንበኞች መሬት ላይ ተንከባለሉ። እሱም ሳቀ፤ እየሳቀ ሁለተኛን ሳበ። ገባ። እጁና እግሬ መካከል ባዶ ቦታ ነበር። አራተኛን ሳበ፣ ባዶ ቦታ ነበር። የኋላ ማርሽ ሳበ፤ እዚያም ባዶ ነበር። ሳቁን አቆመና ያንን ባዶ ቦታ ተመለከተው። ከዚያ እጄን ይዞ ግንባሩ ላይ አደረገው። እኔም ሻሼን ፈታሁ፤ ዓይኔን የምጠርግበት ሌላ ጨርቅ አልነበረኝም።

በማግስቱ ዲቦራና እኔ የእማማን ቦታ ባዶ ትተን ከኋላ፣ ኦጆት ብቻውን ጋቢና ሆኖ ወደ ጎግ ሄድን። የዕቃ ሳጥኔን ይዤያለሁ፤ በራሴ ሥራ እንኳ አላምንም። ስንደርስ ኦጆት ግቢው አልገባም፤ አጥሩ ጋ ቆመ። ዲቦራ ገባች። ስለ አዲሱ ማርሽ ነገረቻቸው፤ አጎቶቿም ለመኑ። ብዙ ቆይታ ራሷን እየነቀነቀች ወጣች። «እምቢ ብላለች» አለች። እንባዋ መጣ። ገብቼ ልጮህባቸው ነበር፤ በምን ቋንቋ እንደምጮህ ግን አላውቅም።

ኦጆት ልንመለስ መኪናዋን ለማዞር ሞተሩን አስነሳ። የኋላ ማርሽ አስገብቶ ያለማንም ገፊ በአጥሩ ጥግ ወደ ኋላ ሄደ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ በሜዳው ዞረ። ሞተሩ ለስለስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ያን ጊዜ ከቤቱ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። ዲቦራ ሮጣ ገባች። እማማ አጅዋንግ በወንድሞቻቸው ትከሻ ተደግፈው ደጃፉ ላይ ብቅ አሉ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኳት ዲቦራን።

«እንደገና ይሂድ አለች።»

ኦጆት እንደገና ሄደ፤ እንደገና ተመለሰ። እማማ አጅዋንግ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ ወደ ጋቢናው በእጃቸው አመለከቱ። ለምን ሐሳባቸውን እንደቀየሩ አልገባኝም። መጠየቅም አልፈለግሁም፤ አምላኬን እያመሰገንኩ እግራቸውን ደግፌ አስገባሁ። ያን ቀን ባለባጃጆቹ ሊገፉ ሮጠው መጥተው ኦጆት በራሱ ወደ ኋላ ሲገባ ቅር አላቸው። ጦይባ እማማን ስታይ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ አቀፈቻቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀጠሮ አልቀረም። ጄሶው ተቀየረ፤ በኋላም ተፈታ። ጉልበታቸው ለመታጠፍ ብዙ አስለቀሳቸው፤ ግን ታጠፈ። በምርኩዝ ጀመሩ። ዲቦራ ወሬውን ባመጣች ቁጥር ኦጆት ሰማይ እያየ «ጌታ ይመስገን» ይላል። ቅዳሜ መዝሙሩ ተመለሰ፤ ድምፁ እንደ በፊቱ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ኦጆት መኪናዋን አምጥቶ ዘይት እየቀየርንላት ሳለ፣ የግቢው በር ተከፈተና ዲቦራ ገባች። ከኋላዋ አንዲት ረጅም ሴት ያለ ምርኩዝ፣ በሁለት እግራቸው፣ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ኦጆት ብድግ አለና ፊቱን ወደ ባሮ በኩል አዞረ። እማማ አጅዋንግ ወደ እኔ መጡ፤ ለእሱ ጎናቸውን ሰጥተው ቆሙ። በእሱና በእኛ መካከል ጥቂት እርምጃ ብቻ ነበር። አንድ ቋጠሮ የደረቀ ዓሣ እጄ ላይ አኖሩና በአኙዋ ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገሩ። ዲቦራ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ።

«እኔ መኪና አላውቅም። የሚያቃስት ነገር ግን አውቃለሁ። እኔ ስገባ ያቃስታል፤ እኔ ስወርድ ደህና ይሄዳል። ቀስ ብዬ አየሁ። እጁ ወደ እኔ እንዳይመጣ ነው። ይህ ልጅ እኔን ለማክበር የልጆቹን እንጀራ እየገደለ ነው አልኩ። አልሄድም ያልኩት ለዚህ ነው። እግሬ የእኔ ብቻ ነው፤ መኪናው የቤቱ ሁሉ ነው። ያን ቀን ከውጭ ስሰማው ማቃሰቱን ትቶ ነበር።»

ሐፍረት ነው ያልነው ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ። እሳቸው ለካ በተሰበረች እግራቸው ሊከፍሉለት ነበር።

እማማ አጅዋንግ በአገጫቸው ወደ ኦጆት ጠቆም አደረጉ። «ለዚያ ሰው ንገርልኝ ትላለች» አለች ዲቦራ።

ኦጆት እዚያው ቆሟል። ሁሉንም በገዛ ቋንቋው ሰምቷል። ቢሆንም የተላክሁትን ማድረስ አለብኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ኦጆት፣ የዲቦራ እናት እንዲህ ይላሉ» ብዬ ጀመርኩና አንድ በአንድ በአማርኛ ነገርኩት። እንጀራው ላይ ስደርስ ውሃ ጠጥቼ ቀጠልኩ። እሱ ፊቱን ወደ ወንዙ እንዳዞረ፣ መጀመሪያ እንደሚሰማው ሰው፣ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማኝ።

ስጨርስ ዘይት የነካ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ሳይዞር መለሰልኝ።

«ሩፋኤል፣ ንገራቸው። መኪና መለዋወጫ አለው በላቸው።»

ወደ እማማ አጅዋንግ ዞሬ ነገርኳቸው። ዲቦራ መተርጎም አቅቷት ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች፤ እሳቸውም ትርጉም አልጠበቁም።